ማማው ከየት መጣ?

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ ባቡር ሊያልፍ ነው።

ቱ...ት! ከች-ከች! ከች-ከች!

ኧረ አትሽሹ። ይሄ ባቡር ትንሽዬ ነው፤ ቢረዝም ቢረዝም የእናንተን ክንድ ቢያክል ነው።

የሚኖረው ድሬዳዋ ነው፤ በአክስት ፈትያ ሳሎን፣ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ።

አክስት ፈትያ ድሮ ባቡር ጣቢያ ትኬት ትቆርጥ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ባቡሩ ናፈቃት፤ ስለዚህ ጠረጴዛዋ ላይ ሐዲድ ዘረጋች።

ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የካርቶን ቤቶች ሠራች። ሱቅ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ ሆቴል አለ፤ ሁሉም ከጫማ ሣጥን ያንሳሉ።

እነዚህ ቤቶች ሲገዙ ገና ቤት አይደሉም። ሣጥን ውስጥ የገቡ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ግድግዳው ለብቻ፣ መስኮቱ ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ።

ቤቱ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሥዕል ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ያንን ሥዕል እያየ ይገጣጥማል።

አክስት ፈትያ ግን በጄ አትልም። ሣጥኑ ገና ከበር ሲገባ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሥዕሉ ላይ ጋዜጣ ትለጥፍበታለች።

እንደ ሥዕሉ የተሠራ ቤትማ በየሰዉ ቤት ሞልቷል ትላለች። እሷ የምትፈልገው የትም የሌለ ቤት ነው።

ስለዚህ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ አንስታ ለሱቁ ታለብሰዋለች። የሱቁን በር አንስታ ለሆቴሉ ትሰጠዋለች። ሲረዝምባት ትቆርጠዋለች፣ ሲያጥርባት ትቀጥለዋለች።

ቀጭ! ቀጭ! ልጥፍ!

አዲስ ቤት ያለቀ ቀን ጎረቤት ይጠራል። ባቡሩ ግን ወዲያው አይነሳም።

መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ቤቱን በጣታቸው እያሳዩ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጠይቃሉ፦ «ይሄ ከየት መጣ?»

የሠራው ሰው አንድ በአንድ ይናገራል። ጣሪያው ከወፍጮ ቤቱ መጣ፣ በሩ ከሱቁ መጣ ብሎ ሲጨርስ ነው ባቡሩ የሚነሳው። ቱ...ት!

እናንተም እዚያ ላይ ስንደርስ አብራችሁ ትጠይቃላችሁ። እስቲ እንሞክረው፤ «ይሄ ከየት መጣ?» ጎሽ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ከአክስቷ ከፈትያ ጋር የምትኖር፣ ሲትራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ እጇ ደግሞ አያርፍም።

አንድ ቀን አክስት ፈትያ ሁለት ሣጥን ገዝታ መጣች። ሁለቱም ላይ ጋዜጣ ለጠፈችበት፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

አንዱ ሣጥን የሲትራ ነው። ሌላው የአጎቷ ልጅ የነቢል ነው። ነቢል የሚኖረው አዳማ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ድሬ ይመጣል።

ነቢል በስልክ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ሣጥኑን ማንም እንዳይከፍትበት፣ ራሱ መጥቶ እንዲከፍተው።

ሲትራም፣ እሺ፣ አልነካብህም አለችው። ብላለች እኮ፤ ሁላችንም ሰምተናታል።

ከዚያ የራሷን ሣጥን ከፈተች። ትምህርት ቤት ወጣላት።

ቀጭ! ቀጭ! ልጥፍ! ሠራችውና ራቅ ብላ አየችው።

አጭር ነው። ድፍጥጥ ያለ ነው። ሰው የተቀመጠበት ዳቦ ይመስላል።

ሲትራ ከንፈሯን ጣለች።

ቀትር ሆነ። በቀትር የድሬ ፀሐይ አትቻልም፤ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል። አክስት ፈትያም ተኛች። ኩርር... ኩርር...

ሲትራ አልተኛችም። መደርደሪያው ላይ ያለውን የነቢልን ሣጥን አየችው።

«አንዲት መስኮት ብቻ» አለች ለራሷ። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አንዲት መስኮት ወሰደች። ልጥፍ!

መስኮቷ ቤቱ ላይ አማረች። «አንዲት ደረጃ ብቻ» አለች። ደረጃዋንም ወሰደች። ልጥፍ!

ደረጃዋም አማረች። ከዚያ በሣጥኑ ወለል ላይ የተጋደመ አንድ ረጅም ነገር አየች።

ማማ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አናቱ ላይ ክብ ሰዓት ያለበት የባቡር ጣቢያ ማማ።

«እሱን ብቻ» አለች። ልጥፍ!

ወይ ሲትራ! ብቻ፣ ብቻ፣ ብቻ ስትል የሰው ሣጥን አራቆተች።

ማማው ትምህርት ቤቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲህ ያለ ቤት ድሬዳዋ ውስጥ የለም፤ አዳማም የለም። ሲትራ አጨበጨበች።

የነቢልን ሣጥን ወደ ቦታው ልትመልሰው ስታነሳው ግን ቀለላት። ነቅነቅ ስታደርገው ውስጡ ኳ... ኳ... አለ፤ በቃ፣ የቀረው ጥቂት ነገር ብቻ ነው።

ሲትራ ማጨብጨቧን ተወች። አፈረች።

ሀፍረት ታውቃላችሁ አይደል? መጀመሪያ ጆሮ ይግላል። ከዚያ ፊት ይግላል። ከዚያ አንገት ወደ ታች።

ማማውን ልታወልቀው ሳብ አደረገችው። እምቢ አለ። ማስቲሹ ደርቋል፤ የደረቀ ማስቲሽ ደግሞ ልመና አይሰማም።

ሣጥኑ ከባድ እንዲመስል ጠጠር ልጨምርበት ይሆን ብላ አሰበች። ጠጠር ግን መስኮት አይሆንም፣ ደረጃም አይሆንም። እንዲሁ ክዳኑን ገጠመችው።

አክስት ፈትያ ከእንቅልፏ ነቅታ መጣች። ቤቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አንቺ ነሽ ይሄን የሠራሽው፣ እኔን አስንቀሽ ልትሄጂ ነው እኮ አለችና ግንባሯን ሳመቻት። ሲትራን የተሳመው ግንባሯ አቃጠላት።

ወዲያው ጎረቤት ተጠራ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት እማማ ዘሃራ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ አፍንጫቸው ማማውን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው አዩት።

ሁሉም በጣታቸው አሳዩ፣ በአንድ ድምፅም ጠየቁ። እናንተም ጠይቁ፦ «ይሄ ማማ ከየት መጣ?»

ሲትራ «ከሣጥኔ» አለች።

ጆሮዋ ጋለ። ፊቷ ጋለ። አንገቷ ወደ ታች።

ማሻአላህ አሉ ጎረቤቶቹ። እማማ ዘሃራ እቺ ልጅስ ነገ እውነተኛ ቤት ትሠራልናለች ብለው ከረሜላ ሰጧት። ሲትራ ልትበላው አልቻለችም፤ ከረሜላው እጇ ውስጥ ቀለጠ።

ባቡሩ ተነሳ። ቱ...ት! ከች-ከች! ሁሉም ባቡሩን አየ። ሲትራ የራሷን የእግር ጣቶች አየች።

ማታ ሲትራ ምነው ነቢል ባይመጣ ብላ ተመኘች። የሚወዳትንና የምትወደውን ልጅ አትምጣ ብላ ተመኘች። ለዚህም ደግሞ አፈረች።

በማግስቱ ነቢል መጣ። ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ሮጠና አቀፋት።

ከሻንጣው ባለቀለም እርሳስ አወጣና ላንቺ ነው አላት። መንገዱን ሙሉ ሲያስብ የመጣው ስለ ሣጥኑ ነው፤ ምናልባት ሆቴል ይሆናል፣ ምናልባት ሆስፒታል ይሆናል። ሰፈር ላሉት ጓደኞቹ ሁሉ ነግሯቸዋል።

ሲትራ ባለቀለም እርሳሱን ተቀበለች። አመሰግናለሁ ማለት ግን አቃታት።

ነቢል እጁን ታጥቦ፣ በልብሱ አድርቆ፣ ቁጭ ብሎ ሣጥኑን ከፈተው።

አንዲት በር አለች። ጥቂት ግድግዳ አለ። አንዲት ጣሪያ አለች። በቃ።

ነቢል ሣጥኑን ገልብጦ ነቀነቀው። ምንም አልወጣም። «የእኔ ይሄ ብቻ ነው?» አለ።

አክስት ፈትያ ደነገጠች። ክዳኑ ላይ ጋዜጣ አለ፤ ሣጥኑ ምን መያዝ እንደነበረበት በምን ታውቃለች?

ሳላየው ገዛሁልህ፣ የኔ ጥፋት ነው የኔ ልጅ አለችው። ትልቅ ሰውም ያፍራል። ጆሮዋ ጋለ፣ ፊቷ ጋለ፣ አንገቷ ወደ ታች።

ሲትራ የአክስቷን አንገት አየች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም ልትል ፈለገች፤ ምላሷ ተሳሰረባት።

ነቢል ግን ምንም አይደለም አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንኳ ምንም አይደለም የሚል ልጅ ነው። ቀስ ብሎ መሥራት ጀመረ።

ቀጭ! ልጥፍ! ቶሎ አለቀ። ያቺን ከምታህል ነገር ምን ይወጣል ብላችሁ ነው?

የዘበኛ ቤት ወጣች። እንኳን ዘበኛ፣ ዝንብ ብትገባባት ክንፏ ውጭ ይቀራል።

ጎረቤት ተጠራ። ነቢል የዘበኛ ቤቱን ከሐዲዱ ዳር፣ ከሲትራ ባለማማ ቤት ጎን አስቀመጣት። ከዚያ በመዳፉ ከለላት።

ጎረቤቶቹ ግራ ቀኝ ፈለጉ፤ የታለ አዲሱ ቤት አሉ። ነቢል መዳፉን አነሳ።

እማማ ዘሃራ ጎንበስ አሉ። ሌሎቹም ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሁሉም ቀስ ባለ ድምፅ ጠየቁ፦ «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከሣጥኔ» አለ ነቢል። «ሌላ ነገር አልነበረውም። አትሳቁብኝ።»

ማንም አልሳቀበትም። የነቢል ጆሮ ግን ጋለ። ፊቱ ጋለ። አንገቱ ወደ ታች።

ሲትራ አየችው። ያጠፋችው እሷ ናት፤ የሚያፍረው ግን እሱ ነው።

ከትናንቱም፣ ከማታውም ሀፍረት ይሄ ባሰባት።

አክስት ፈትያ ባቡሩን ልታስነሳ እጇን ወደ ማብሪያው ዘረጋች።

«ባቡሩ አይነሳ» አለች ሲትራ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን አልተከፈተችም፤ የሳሎኑ ወለል ሲሚንቶ ነው።

«ማማውን እንደገና ጠይቁኝ» አለች።

ጎረቤቶቹ ግራ ገባቸው፤ ትናንት ጠይቀናት የለም እንዴ ተባባሉ። ግን ጠየቁ። እናንተም አግዟቸው፦ «ማማው ከየት መጣ?»

ሲትራ ጆሮዋ ጋለ። ፊቷ ጋለ። አንገቷ ወደ ታች ሊል ሲል እንደምንም ቀና አደረገችውና ነቢልን አየችው።

«ከነቢል ሣጥን» አለች። «መስኮቷም፣ ደረጃዋም። አክስቴ ተኝታ ሳለ ወሰድኩት። ትናንት ዋሽቻችኋለሁ።»

እማማ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያጠለቁ ወጡ።

ነቢል አልጮኸም፣ አልተማታም። የዘበኛ ቤቱን አንስቶ ወደ በረንዳ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

አክስት ፈትያም አልተቆጣችም። ቁጣ በስንት ጣዕሙ አለች ሲትራ በሆዷ።

ወደ አክስቷ ተጠግታ ጠየቀች። «አክስቴ፣ ይቅርታ ብለው ይበቃል?»

«ይቅርታ በይው» አለች አክስት ፈትያ። «ማማው ግን አሁንም ያለው አንቺ ቤት ላይ ነው።»

ሲትራ ማማውን በሁለት እጇ ያዘችና ሳበችው። ቅድድ! ከሰዓቱ ጫፍ ላይ ተቀደደ።

አሁንስ አለቀሰች። መውሰዷ ሳያንስ ጭራሽ ቀደደችው።

እንባዋን ጠርጋ ቤቷን አየችው። ጎረቤቱ ሁሉ ማሻአላህ ያለላት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ አትሠራ ይሆናል።

መቀሱን አነሳች።

ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ከጣሪያው እስከ ወለሉ፣ ቤቷን መሐል ለመሐል ቆረጠችው።

ማማው፣ ደረጃዋና መስኮቷ ያሉበት ጎን ለብቻው ወጣ። ከእሷ ትምህርት ቤት ግድግዳ ግማሹ አብሮት ሄደ። ለሲትራ የቀረላት ጎኑ ክፍት የሆነ ግማሽ ቤት ነው፤ ነፋስ ይገባበታል፣ ውሻም ይገባበታል።

የተቆረጠውን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች። ነቢል አልዞረም።

አጠገቡ አስቀመጠችለት። «ይቅርታ፣ ነቢል» አለች። «ሰዓቱን ቀድጄዋለሁ። እሱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ከግቢው ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ሌላም አለፈ። ነቢል አሁንም አልዞረም።

ሲትራ አልሄደችም፣ አላባበለችውም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

በመጨረሻ ነቢል ያመጣችለትን በዓይኑ ጥግ አየት አደረገው። «ይሄ ግድግዳ የእኔ አይደለም» አለ።

«የእኔ ነው። አብሮ ተጣብቋል» አለች። «ያንተ ይሁን።»

ነቢል ማማውን ሊያቆመው ሞከረ። ዘጭ! ወደቀ። እንደገና አቆመው። ዘጭ!

ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ የዘበኛ ቤቱን አነሳና ከማማው ሥር አስጠጋት። ጣሪያዋን ከአንድ በኩል ቀጭ አደረገላት። ልክ ሆነች።

ማስቲሹን ቀባው። ልጥፍ!

ማማ ያላት የዘበኛ ቤት ተሠራች። ዘበኛው ከፈለገ ማማው ላይ ወጥቶ አዳማን ማየት ይችላል።

ማስቲሹ እስኪደርቅ ግን አንድ ሰው ማማውን መያዝ አለበት። ከለቀቁት ይወድቃል፤ ካርቶኑም ተቀዷልና ዳግመኛ አይቆምም።

አክስት ፈትያ እራት ቀርቧል ብላ ተጣራች። ነቢል ከአዳማ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ሆዱ ጮኸ።

ማማውን አየ። ሲትራን አየ። ደግሞ ማማውን አየ።

«ያዢልኝ» አለ።

ማማውን በእጇ አስያዛትና ወደ ቤት ገባ። አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

ሲትራ ያዘችለት። በሁለት እጇ፣ ትንፋሿን ሳይቀር ቀስ እያደረገች።

ጣቷን አሳከካት፤ አልለቀቀችም። ትንኝ አፍንጫዋ ላይ አረፈች፤ አልለቀቀችም። እጇ ዛለ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም።

አክስት ፈትያ ሳህን ይዛ መጣችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ምንም ሳትናገር አጎረሰቻት። ሲትራ እያኘከች ያዘች፣ እየዋጠች ያዘች።

መሸ። በሙቀት ጊዜ ድሬ ላይ ሰው በረንዳ ላይ ይተኛል። አክስት ፈትያ ፍራሽ አነጠፈች።

የሲትራ ዓይን ክድን፣ ክድን አለ። እጇ ግን ከማማው ላይ ንቅንቅ አላለም።

ነቢል መጣና አጠገቧ ተንበረከከ። ማስቲሹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ደርቋል» አለ። «ልቀቂው።»

ሲትራ ፈራች። አንድ ጣቷን ለቀቀች። ከዚያ ሌላ ጣቷን። ከዚያ እጇን ሁሉ።

ማማው ቆመ።

ሁለቱም አዩት። ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ሰዓቱም ተቀዷል፤ ግን ቆሟል።

ነቢል ፍራሹ ላይ ወጣና ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። አጠገቡ ለአንዲት ልጅ የሚሆን ቦታ ቀረ። ያንን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ሲትራ ቀስ ብላ መጥታ እዚያ ተኛች። ነቢልም የአንሶላውን ግማሽ አለበሳት።